ለቅሶ ቤት የወደድኩት ድምፅ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሬዲዮኑን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ ቆይታ ድንገት ዞር አለችና «አያቴ፣ አንቺ በልጅነትሽ የምትወጂው ዘፋኝ ማን ነበር?» አለችኝ።

«እትዬ የሻረግ ናቸዋ» አልኳት።

«ምን ነበር የሚዘፍኑት?»

«ሙሾ።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ሙሾማ ዘፈን አይደለም!» አለች። እኔም አልተከራከርኳትም። የዛሬ ልጆች ዘፈን ማለት ከሳጥን የሚወጣ ነገር ይመስላቸዋል። በእኛ ጊዜ መቱ ውስጥ ጥሩ ድምፅ ለመስማት ወይ ሰው መዳር አለበት፣ ወይ ሰው መሞት አለበት። ከሁለቱ ደግሞ የሚበዛው ሞት ነበር።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። መቱ ያን ጊዜ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የሣር ክዳን ቤቶችና ጭቃ ነበረች። የኢሉባቦርን ክረምት ያላየ ሰው ጭቃ አውቃለሁ አይበል፤ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ማቆሙን ይረሳዋል። አባቴ ከሸዋ የመጡ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ ሽፈራው ቡናውን በበቅሎ ጭኖ በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ከዚያም በባሮ ወንዝ መርከብ የመጣውን ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ይመለሳል። ቆላው ንዳድ ስላለበት እሱ በወረደ ቁጥር እናቴ እህል በጉሮሮዋ አይወርድም ነበር።

እናቴ ለቅሶ ስትሄድ ንፍሮውን ተሸክሜ የምከተላት እኔ ነበርኩ። እትዬ የሻረግን መጀመሪያ የሰማኋቸውም አንድ ሽማግሌ ሸማኔ የሞቱ ጊዜ ነው። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጡ ሴት ናቸው። አባታቸው ወታደር፣ እናታቸው የዳሪሙ አገር ኦሮሞ ነበሩ። ሰዉ ጮሆ ጮሆ እስኪደክመው ጥግ ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አገልድመው ተነሡና፣ ለራሳቸው የሚያንጎራጉሩ ያህል፣ በዝግታ ጀመሩ። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። አንድ ቤት ሲጨርሱ ሴቶቹ «ዋይ፣ ዋይ» ብለው ይቀበላሉ፤ የገጠር ዘመዶች ሲደርሱ ደግሞ ዜማው ሳይቋረጥ ወደ ኦሮምኛ ያሻግሩታል።

ሸማኔውን እኔ የማውቃቸው ድውሩን፣ ያጠነጠኑትን ክር፣ ነካችሁብኝ እያሉ ድንጋይ ሲወረውሩብን ነው። እትዬ የሻረግ ግን ከሙሽራ ልብስ ላይ ተርፎ የቀረውን ክር ሰብስበው ለሙት ልጆች ነጠላ ይሠሩ እንደነበር በሙሾ አወረዱ። በሕይወታቸው ሳልወዳቸው ለሞቱት ሰውዬ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ቤት ስንመለስ እናቴ የምትለኝን አልሰማም፤ ዜማው ሆዴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የለቅሶ ሱሰኛ ሆንኩ። ከሰፈር ጩኸት ሲሰማ ከእናቴ ቀድሜ ነጠላዬን ለብሼ በር ላይ እገኛለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ለሰርግ እንዲህ ብትፈጥኚ ምን ነበረበት?» ትለኛለች እናቴ።

አንድ ቀን እህል ስፈጭ ሳላስበው ማንጎራጎር ጀመርኩ። ሰው ያልሞተበት ቤት ውስጥ ሙሾ ማውረድ ሞት መጥራት ነው ይባላል፤ እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ከጓዳ ዘላ መጣች። «ሟርተኛ! በቤቴ! ልጄ መንገድ ላይ እያለ!» ብላ እስክደነግጥ ጮኸችብኝ። ሽፈራው በማግሥቱ ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ እስኪፈርስ ሳቀ። ደግሞም አዘነልኝ። እንጨት ለቀማ ብለን ወጣንና ሶር ወንዝ አወረደኝ። ውሃው ድንጋይ ላይ እየተላተመ ስለሚጮህ የማንንም ድምፅ ይውጣል። ማዶ ጥሩ ቦታ አለ ብሎ አዘለኝ፤ ውሃው ጉልበቱን ሲነካው «ኧረ ቀዘቀዘኝ!» እያለ እንደ ሕፃን ይንጫጫል። «በይ አሁን እንደፈለግሽ አውርጂ፣ እማዬ አትሰማሽም» አለኝ። እዚያ የጉሮሮዬን ያህል ጮህኩ። እሱ ሙቀጫ በሚያህል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በፉጨት ይቀበለኝ ነበር። አባቴ ወንዙን እንዳንሻገር አጥብቀው ስለከለከሉን ለማንም አልተናገርንም።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሳሳ ሲል ሽፈራው እንደገና ወደ ጋምቤላ ወረደ። እናቴ ልትወልድ ቀርባ ነበር። «ለክርስትናው እደርሳለሁ» አላት። እሷም ወንድ ልጅ ወለደች፤ ቤታችን ገንፎ ገንፎ ይሸት ጀመር። ሽፈራው ግን ቆየ። አባቴ ስጠይቃቸው «መርከቡ ዘግይቶ ይሆናል» ይሉኛል፤ ፊታቸውን ከእኔ ያዞራሉ። እኔ ሥራ በዝቶባቸው መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ምንጭ ወርጄ ሳለሁ እትዬ የሻረግ መጥተው አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለእኔ እሳቸው አጠገብ መቀመጥ ማለት ትልቅ ነገር ነው።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያ ወንድምሽ እንዴት ያለ ልጅ ነው? እስቲ አጫውቺኝ።»

ምን ያልነገርኳቸው አለ! ከሩቅ በፉጨት መምጣቱን እንደሚያስታውቀን፣ የበቆሎ እሸት እስኪበርድ መታገሥ አቅቶት ሁልጊዜ ምላሱን እንደሚያቃጥል፣ እናቴን ለማሳቅ የአባቴን አነጋገር እንደሚያስመስል ለፈለፍኩ። ሲስቁልኝ ጊዜ ልቤ አብጦ የሶርንም ምስጢር አወጣሁት። እሳቸውም «ሌላስ? ሌላስ?» እያሉ ያዳምጡኛል። በመጨረሻ ግንባሬን ስመውኝ እንስራቸውን ሳይሞሉ ሄዱ።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጥጆቹን ለማስወጣት በር ከፈትኩ። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። በጉሙ ውስጥ እትዬ የሻረግ ወደ ቤታችን ሲመጡ አየሁ። ደስታዬን አልደብቅም፤ እናቴን ሊጠይቁ፣ ሕፃኑንም ሊያዩ የመጡ መስሎኝ «እሰይ!» ብዬ ሮጥኩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ፤ ያዙኝና አለቀቁኝም። ቀና ስል ከኋላቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ቄሱ፣ ሴቶቹም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ የሚመጣ ሰው መርዶ ይዞ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ ግን እሳቸውን ብቻ ነበር ያየሁት።

ሽፈራው ንዳድ ይዞት ባሮ ዳር ሞቶ፣ እዚያው ተቀብሯል። ወሬው መቱ ከደረሰ ሰንብቷል። ለአራስ መርዶ አይነገርምና እናቴ ሕፃኑን ክርስትና እስክታስነሣ ድረስ ከተማው ሁሉ፣ አባቴም ጭምር፣ ሆዱ ውስጥ ቀብሮት ኖሯል። እኔም ወሬ መያዝ የማልችል ልጅ ስለሆንኩ አልተነገረኝም።

እናቴ ወደቀች፤ ደገፏት። አባቴ እስከዚያ ቀን አምቀው የያዙትን ለቅሶ ሁሉ አወጡት። ሰዉ ጮሆ ሲደክመው እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን አገልድመው ተነሡ።

ፉጨቱ ይቀድማል፣ ይከተላል እግሩ፣
ዛሬ ግን ዝም ብሎ መጣብን ነገሩ።

ጆሮዬን ልደፍን ፈለግሁ። የእኔ ቃል ነው። እኔ ምንጭ ዳር እየሳቅሁ የሰጠኋቸው ነው። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህን ጨመሩ፦

እህቱን በጀርባው ሶርን ያሻገረ፣
ባሮ ዳር ብቻውን ሳይሻገር ቀረ።

ከሽፈራው ጋር ሶርን መሻገራችንን ከእኔ፣ ከእሱና ምንጭ ዳር ከነገርኳቸው ከእትዬ የሻረግ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዕንባ እምቢ ብሎኝ ደርቄ ነበር የቆምኩት። ይህን ስሰማ ግን የጉሮሮዬን ያህል ጮህኩ።

ከሠልስቱ በኋላ እትዬ የሻረግ ሊያጽናኑን ሲመጡ ሸሸሁ። ጓሮ ድረስ ተከትለው አገኙኝ።

«እያወቁ አሳቁኝ» አልኳቸው። «ሞቶ እያለ አሳቁኝ!»

አልተቆጡም። ከሙዙ ሥር አጠገቤ ተቀመጡና «ልጄ፣ የማላውቀውን ሰው እንዴት አለቅስለታለሁ? የእሱን ነገር ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም» አሉኝ። ነጠላዬን አስተካክለውልኝ ደግሞ «እሱ እንዳለ ሆኖልሽ የምትስቂባት ጥቂት ቀን ቀርታሽ ነበር። እሷን ቀምቼሽ ምን ላደርግባት?» አሉ።

ጭናቸው ላይ ራሴን ጥዬ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ያለ ቃል ዜማውን ብቻ ሲያንጎራጉሩልኝ ዋሉ።

ብዙ ድምፅ ሰምቻለሁ ከዚያ ወዲህ። ማሲንቆውንም፣ ክራሩንም፣ የልጅ ልጄን ሬዲዮም። ጥሩ ነው፣ አልክድም። እውነቱን ለመናገር ግን ማንም ሲዘፍን የምሰማው እትዬ የሻረግ ባስለመዱኝ ጆሮ ነው፤ ዘፋኙ ስለ ማን እንደሚዘፍን አውቆት እንደሆነና እንዳልሆነ ወዲያው ይገባኛል። የሽፈራው መልክ ከጠፋብኝ ቆይቷል። ዓይኑ እንዴት እንደነበር ቢጠይቁኝ እቀጥፋለሁ እንጂ አላስታውስም። ሙሾው ግን አንድ ቃል አልጎደለብኝም።

ያን እሑድ የልጅ ልጄ ስቃ ስቃ ሲበቃት «እስቲ እንዴት ነው? በይልኝ» አለችኝ። በዚህ በተሰነጠቀ ድምፄ አልኩላት። ስጨርስ ሬዲዮኑን አጥፍታው ኖሯል።

«አያቴ፣ ሽፈራው ሲሞት ስንት ዓመቱ ነበር? የሚወዳት ልጅስ ነበረችው?»

ጠጋ ብዬ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ስለ ወንድሜ ሰው ከጠየቀኝ ስንት ዘመኑ!