የበቅሎዋ ልቅሶ

ሰብለ ወንጌል ሥነ ልቦና ተምራ ጎንደር ስትመደብ፣ የሚመጣው ሕመምተኛ ሁሉ ገና ከመቀመጡ ምላሱን አውጥቶ ያሳያት ነበር። መርፌ እንደማትወጋ ሲነገረው ደግሞ ይቆጣል። «ታዲያ ደመወዝ የምትበይው ለምን ሥራሽ ነው?» ያሏትም አልጠፉም። እሷ ግን እልኸኛ ናት። ጠዋት ሕመምተኛ ታነጋግራለች፤ ከሰዓት ለጤና ረዳት ተማሪዎች «ያዘነን ሰው አታፋጥጡት፤ መጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጡ» እያለች ታስተምራለች። ተማሪዎቹ መቀመጥን ለመማር ትምህርት ቤት መግባት ለምን እንዳስፈለገ አይገባቸውም ነበር።

አንድ ቀን እማማ እናኑ ከአዘዞ መጡ። ቀይ ሽብር ልጃቸውን ከበላው ወዲህ እህል ከጉሮሯቸው አልወርድ ብሏል። ያኔ «ፀረ አብዮተኛ» ተብሎ ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነበር። ሰብለ ወንጌል ቀበሌ ድረስ ሄዳ ይፈቀድላቸው ብላ ብትከራከር ተቆጥተው መለሷት። ሴትዮዋ ካላለቀሱ እንደማይተርፉ አውቃለች፤ ጨነቃት።

«እማማ፣ ከብት አለዎት?»

«አንዲት በቅሎ አለችኝ።»

«ሞታለች ይበሉ። ለበቅሎ ማልቀስ አልተከለከለም።»

«ምነው ልጄ! ምን በደለችሽ?»

ቅዳሜ ድንኳን ተተከለ። በቅሎዋን ጎረቤት ጓሮ ደበቋት። የአዘዞ ሰው ማንም ሳይነግረው ገብቶታል፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። እማማ እናኑ ደረታቸውን እየደቁ «ጉብሌ! ሸጋው ልጄ!» ሲሉ፣ አንድ የዋህ «በቅሎዋ ሴት አልነበረችም እንዴ?» ቢል ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው።

የቀበሌው ካድሬ ጓድ አስማረ ሽጉጡን ታጥቆ ደረሰ።

«ለማን ነው የሚለቀሰው?»

«ለበቅሎ» አለች ሰብለ ወንጌል። «የሚከለክል መመሪያ ካለ ያሳዩን።»

አስማረ አሰበ። እንዲህ ያለ መመሪያ አልደረሰውም። ይኼኔ ያቺ የተረገመች በቅሎ ገመዷን በጥሳ ድንኳኑ ውስጥ ገባችና ለሐዘንተኛው የቀረበውን ንፍሮ ትቅም ጀመር። ልቅሶው ቀጥ አለ። ሰብለ ወንጌል እስር ቤቱ ታያት።

አስማረ በቅሎዋን አየ፤ እማማ እናኑን አየ። «የማን በቅሎ ናት ልቅሶ የምትረብሽ?» ብሎ ጮኸና ጆሮዋን ይዞ እየጎተተ አስወጣት። ልቅሶው እንደገና ቀለጠ። በማግስቱ እማማ እናኑ ገንፎ በሉ።

ወሬው መቼም አይታሰርም። ሰኞ ዕለት ላም የሞተችበት፣ ፍየል የሞተችበት ሁሉ የሰብለ ወንጌል በር ላይ ተሰለፈ። ዶሮ እንኳ አርብታ የማታውቅ የፒያሳ ባለሱቅ በግ ሞተብኝ ብላ መጣች። ሰብለ ወንጌል ማንንም አላፋጠጠችም፤ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ጓድ አስማረ ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ።

«በሬ ሞቶብኛል» አላት።

ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው። ሰብለ ወንጌል ወንበሯን አስጠጋች።

«ስሙ ማን ነበር?»

«ክንዱ» አለ። «ታናሼ ነው።»