«ለሰጡን» ብዬ የጻፍኩት «ለሸጡን» ሆኖ ወጣ

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። መቼም የማልረሳው፣ በአንዲት ፊደል ሰበብ ሁለት ቤተሰብ በቅልቅል ቀን ሊጣላ ስለነበር ነው። ፊደሏን ደግሞ እኔ አልጻፍኳትም።

እኔና ባለቤቴ ሄኖክ ሳሪስ አቦ አካባቢ ባነር የምናትምባት ትንሽ ቤት አለችን። ዲዛይኑን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ማተሚያው የእሱ ነው። የድሮው ኮምፒውተራችን ትልልቅ ፎቶ ሲከፈትበት ያንቀላፋል። ስለዚህ ከሠርጉ ወቅት በፊት አዲስ ለማስገጣጠም ወሰንን። በሁሉም ነገር ተስማምተን ራሙ ላይ ስንደርስ ተጨቃጨቅን።

ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ዕቃ ነው። ሻጩ ሁለት ዓይነት አቀረበልን። አንደኛው በጣም ፈጣን ነው። ሁለተኛው ዘገም ይላል፤ ግን የያዘው ነገር በስህተት ቢለወጥበት ራሱ ያርመዋል።

እኔ የሚያርመውን ፈለግኩ። «እኛ የሰው ስም የምናትም ሰዎች ነን» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ባንክ ልንከፍት ነው እንዴ?» አለኝ።

ልቡ ፈጣኑ ላይ ቀርቷል። ምክንያቱም ፈጣኑ መብራት አለው፤ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሰማያዊ ይሆናል። ሄኖክ የሚያበራ ነገር ካየ አለቀለት። ፈጣኑን ገዛን። እሱም አልበቃ ብሎት ፍጥነቱን ከልኩ በላይ ከፍ አደረገው። እውነት ለመናገር ኮምፒውተሩ በረረ።

ጥር ሲገባ፣ በምንኖርበት በአቃቂ ጎረቤታችን የሆኑት ጋሽ ቶሎሳ መጡ። እዚያው ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ያለው አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። ልጃቸው አግብቶ ነበርና፣ የሙሽሪት ቤተሰቦች ለቅልቅል ሲመጡ በድንኳኑ በር የሚቀበላቸው ባነር ፈለጉ። ቃሉን ራሳቸው ነገሩኝ፦ «ዓይናቸው የሆነችውን ልጃቸውን ለሰጡን ለእነ አቶ ደምሴ ቤተሰብ ምስጋናችን ከልብ ነው።»

ጽፌ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል አነበቡ። «ገለቶሚ ልጄ፣ ምንም አልጎደለው» ብለው አመስግነውኝ ሄዱ። ሄኖክ አትሞ ወሰደላቸው። እሱ የሚያትመውን አያነብም፤ ቀለሙን ብቻ ነው የሚያየው።

በቅልቅሉ ቀን እኛም ተጠርተን ነበር። እኔ ስደርስ የሙሽሪት ቤተሰቦች ከመኪና እየወረዱ ነው። ከፊት አቶ ደምሴ፣ የሙሽሪት አባት፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከባለቤታቸው ጋር ይመጣሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው ባነሩን አዩና ቆሙ። የተከተላቸው ሁሉ ቆመ።

እኔም ቀና አልኩ። «ልጃቸውን ለሸጡን» ይላል። ያውም እኔ በመረጥኩት ወርቃማ ቀለም፣ ክንድ በሚያህል ፊደል!

የሙሽሪት አክስት «ምን? ሸጡን?» ስትል ሰማሁ። ዘፈኑ ተቋረጠ። የጋሽ ቶሎሳ ፊት አመድ መሰለ። ሄኖክን ስፈልገው፣ ጀርባውን ሰጥቶ የድንኳኑን ገመድ ይመረምራል።

አቶ ደምሴ ቀስ ብለው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«አንቺ ነሽ እንዴ የተቀበልሽው? እኔ እኮ ሰባራ ሳንቲም አልደረሰኝም!»

ባለቤታቸው ኮስተር እንዳሉ፣ «እኔ ብሸጥማ በአንድ ባነር አልሸጣትም ነበር» አሉ።

መጀመሪያ ጋሽ ቶሎሳ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ አክስቲቱ፤ ከዚያ ሁሉም ሰው ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ መጥቷል።

«ወንበር አምጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ሸ»ን ከ«ሰ» የምትለየው አናቱ ላይ ያለችው ሰረዝ ብቻ ናት። የባነሩ መደብ ነጭ ስለነበር፣ ከአንዲት ሴት ቦርሳ ነጭ የቁስል ፕላስተር ጥቅል ተገኘና ወንበር ላይ ወጥቼ ሰረዟን ሸፈንኳት።

አቶ ደምሴ ከታች ሆነው «በሉ፣ አሁን ሰጠሁ!» አሉ። እልልታው ቀለጠ።

ወደ ማተሚያ ቤታችን ስንመለስ ሄኖክ «እንዴት እንደዚህ ትሳሳቻለሽ?» አለኝ። ተናድጄ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። እኔ የጻፍኩት ላይ «ለሰጡን» ይላል፤ ከዚያው ተገልብጦ ለማተሚያ የተዘጋጀው ላይ «ለሸጡን» ይላል። ሄኖክ ራሙን በመፈተሻ ፕሮግራም ሲፈትሸው ስክሪኑ በቀይ የስህተት መስመር ተሞላ። ፍጥነቱን ወደ ልኩ ሲመልሰው አንድም ስህተት የለም። ኮምፒውተር የተማረ ዘመዳችን እንደነገረን፣ ለማሽኑ «ሰ» እና «ሸ» የሚለያዩት በአንዲት ኢምንት ምልክት ነው። ያቺ ናት ራሙ ውስጥ የተለወጠችው ብዬ መማል ባልችልም፣ ሄኖክ ሳይጠየቅ ሄዶ የሚያርመውን ራም ከሚሰካበት ማዘርቦርድ ጋር ለውጦ መጣ። መብራት የለውም። አንዳንዴ ስለሚዘገይ ያጉረመርማል፤ እኔ ተመችቶኛል።

ሙሽሮቹ ኮዬ ፈጬ ገብተው ይኖራሉ። አቶ ደምሴን ደግሞ በቀደም ሳሪስ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «ደላላዬ! ልጄን ያሸጥሽኝ!» ብለው ተጣሩ። ሰልፈኛው በሙሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ያኔ ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ግን ያንን ቀን ሳስታውስ ሳቄ ይቀድመኛል።

«የቀረች አለችዎት እንዴ?» አልኳቸው።