ኳስ ይዘው የማያውቁ እጆች

በፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ግራ እጃቸው የሰነፈባቸው ሴትዮ፣ ቀሚሳቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው ይቀመጣሉ። ባለሙያዋ የላስቲክ ኳስ ስትወረውርላቸው ኳሷ ደረታቸውን መትታ ትወድቃለች፤ ደህናው እጃቸው እንኳ አይዘረጋም።

«በልጅነትዎ እንዴት ነበር የሚቀልቡት?» አለቻቸው አንድ ቀን፣ ልታስቃቸው ብላ።

«ኳስ ይዤም አላውቅ፣ የኔ ልጅ። እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። እኩዮቼ ሲጫወቱ ታናሼን አዝዬ ዳር ቆሜ ነበር የማይ።»

ባለሙያዋ ጠጋ ብላ ቀስ አድርጋ ወረወረችላቸው። ቀለቧት። ሳቃቸው አመለጣቸው፤ «እስቲ ድገሚኝ» አሉ። ደጋግማ ወረወረችላቸው።

በሩ ተከፍቶ ልጃቸው «እማዬ፣ ጨረስሽ?» ብላ ስትገባ፣ ደንግጠው ኳሷን ቀሚሳቸው ስር ሸጎጧት።

«ሥራ ላይ ነበርኩ» አሉ አቀርቅረው።