ሁለቱ ሚክሰሮችና ማራገቢያው

ለእህቴ ሰርግ ሙዚቃውን እቤቴ አቀናብራለሁ ብዬ የዲጄ ሚክሰር ልገዛ ቆቦ ገበያ አጠገብ ካለ ሱቅ ገባሁ። ከሙዚቃው መሃል እናታችን ከመሞቷ በፊት በካሴት የቀዳነው ዘፈኗ ይገባል፤ ድምጿ ስስ ነው። ባለሱቁ ሁለት ሚክሰሮች አወጣ፤ ቁልፎቻቸው እንኳ አንድ ዓይነት ናቸው። ይዤ የመጣሁትን ካሴት በሁለቱም በየተራ ሲያጫውትልኝ ልዩነት አልሰማሁም። የገረመኝ፣ በላብ ተዘፍቀን ሳለ ከማጫወቱ በፊት የሱቁን ማራገቢያ ማጥፋቱ ነው።

«ለምን አጠፋኸው?»

«በደንብ እንድትሰማ ብዬ ነዋ፣ ወንድምዓለም።»

«እስቲ አብራው። የኔም ቤት ቆቦ ነው፤ በዚህ ሙቀት ያለ ማራገቢያ አይዋልም።»

«አይ ፖሊስ! ዕቃ ትገዛለህ ወይስ ሌባ ትመረምራለህ?» እያለ አበራው።

ካሴቱን መልሶ ሲያጫውት፣ አንደኛው ሚክሰር የማራገቢያው ኤሌክትሪክ ገብቶበት እንደ ንብ ቀፎ እምም አለና የእናቴን ድምፅ ዋጠው። በሌላኛው መዝፈኗን ቀጠለች። እሱን አስጠቀለልኩ።