ስማቸውን በቀይ የጻፍኩባቸው ሴት

የሠራተኛ አስተዳደር ሆኜ የተቀጠርኩት ገርጂ በሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካ እንበለው እንጂ ሠላሳ ሁለት የስፌት መኪና የተደረደረበት የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ባለቤቱ ከወሎ መጥተው ለዓመታት መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እያልን እንጠራቸው ነበር። ደርግ ወድቆ የግል ሥራ ሲከፈት ያላቸውን ሁሉ እዚያ አዳራሽ ላይ አዋሉት። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ገና ዓመት አልሞላኝም።

በዚያ ክረምት ሐጂ ለሁለት ሳምንት የሥራ አመራር ሥልጠና ላኩኝ። አሠልጣኙ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ሣለና ከሥር ምግብና መጠለያ፣ ከፍ ሲል ደኅንነት፣ ከዚያ ከሰው ጋር መሆን፣ ከዚያ መከበር እያለ እስከ ጫፉ ወጣ። ሠራተኛ የታችኛው ሲሟላለት የላይኛውን ይፈልጋል አለን። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ንድፈ ሐሳብ አመጣ፤ የተሸለመ ሥራ ይደገማል፣ የተቀጣ ይቀራል የሚል። ሁለቱንም ደብተሬ ላይ አሳምሬ ገለበጥኩ። ተመልሼ ሥራ ላይ ያዋልኩት ግን ሁለተኛውን ነው። ቀላል ነበራ! አንድ ሰሌዳና ሁለት ጠመኔ ይበቃዋል።

ሰሌዳውን በሩ አጠገብ ሰቀልኩት። ሥራ ሲያልቅ እያንዳንዷ ሠራተኛ የሰፋችው ሸሚዝ ይቆጠርና ስሟ በተራ ይጻፋል፤ ከላይ ያሉት አምስቱ በአረንጓዴ፣ ከታች ያሉት አምስቱ በቀይ። አንደኛ የወጣች ብርድ ልብስ ትሸለማለች፤ ሁለት ሳምንት በቀይ የቆየች ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል። ጊዜው ነሐሴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት የምናስረክበው የተማሪዎች ዩኒፎርም ነበረብን። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራው ጨመረ። ሐጂ ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ "ማሻ አላህ፣ መማር እንዲህ ነው" አሉኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

በየቀኑ ከሁሉም በታች የሚጻፈው የአንዲት ትልቅ ሴት ስም ነበር። እትዬ ነው የምንላቸው። ከቦሌ ቡልቡላ ጭቃውን እያቋረጡ በእግራቸው ነው የሚመጡት። ድሮ በመንግሥት ፋብሪካ ሰፍተዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ በላይ አላውቅም።

ሁለቱ ሳምንት ሞላ። ደብዳቤውን እኔ ተየብኩት፣ ሐጂ ፈረሙበት። ለብቻቸው ልሰጣቸው ፈልጌ ነበር፤ ሐጂ ግን "ሰው ሁሉ ይየው" አሉ። በመኪኖቹ መሃል አልፌ ዘረጋሁላቸው። ዙሪያዬን መኪኖቹ ተራ በተራ ዝም አሉ።

"ምንድን ነው ልጄ?"

"ማስጠንቀቂያ ነው፣ እትዬ። የሥራ ውጤትዎ ዝቅ ስላለ..."

እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "እንግዲህ ከመኪናዬ አልነሣም ማለት ነው?"

"አዎ፣ ካልተነሡ ይስተካከላል።"

"እሺ" አሉ። ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ለምን እንደጠየቁኝ የገባኝ በማግስቱ ነው። ሥራ እንደተጀመረ መስኮቱ ሥር የምትሠራው ልጅ መኪናዋ ክር ይበጥስባት ጀመር። "እትዬ!" ብላ ተጣራች። እትዬ ቀና እንኳ አላሉም። ትንሽ ቆይቶ ሌላዋ ኮሌታው ጠመመባት። "እትዬ፣ አንዴ ብቻ፣ በእናትዎ!" የሳቸው መኪና ሳይቆም ይሄዳል። ክር ሲበጠስ፣ መርፌ ሲሰበር፣ አዲስ ልጅ ሥራው ሲያቅታት ከመቀመጫቸው የሚነሡት እሳቸው ነበሩ። ያን ከእኔና ከሐጂ በቀር አዳራሹ ሁሉ ያውቅ ነበር። መካኒካችን የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። እትዬ አረንጓዴ ውስጥ ገቡ፤ የአዳራሹ ሥራ ግን በግማሽ ወረደ። መቀስ የምታውስ እንኳ ጠፋች። እኔ ስገባ ወሬው ይቆማል። በሰሌዳው አጠገብ ሳልፍ ጀርባዬ ላይ የሠላሳ ሁለት ሰው ዓይን ይሰማኝ ጀመር።

በአራተኛው ቀን የመስኮቱ ሥር ልጅ ጮኸች። የተጠላለፈውን ክር መኪናውን ሳታጠፋ ልታወጣ ስትሞክር መርፌው ጣቷን በስቶት ነበር። ሁላችንም ደርቀን ቀረን። ቀድመው የደረሱት እትዬ ናቸው። መኪናውን አጠፉ፣ መዘውሩን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዙረው መርፌውን አወጡ፣ ጣቷን በነጠላቸው ጠቀለሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ተነሥቻለሁ። መዝግቢው።"

ልጅቷን ክሊኒክ ልኬ ወደ ሐጂ ቢሮ ገባሁ። "ሐጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"የፈረምኩት እኔ አይደለሁ?" አሉ ሐጂ። "በሰው ፊት ነው የሰጠነው፤ በሰው ፊት እንመልሰው።"

ወጥተን እትዬ ፊት ቆምን። ሐጂ ይቅርታ ጠየቁ። እትዬ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው፤ ሐጂ ቀደዱት።

"ወረቀቱ አይደለም ያመመኝ፣ ሐጂ" አሉ እትዬ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሜ ሲሰቀል፣ ይቺ ልጅ አንድ ቀን መጥታ 'ምን ሆነው ነው?' አላለችኝም።"

ሰሌዳውን ያኔውኑ አወረድኩት።

ዩኒፎርሙን ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከአራት ቀን በኋላ አስረከብን፤ ደንበኛው በዓመቱ ተመልሶ አልመጣም። የልጅቷ ጣት ዳነ፣ ጥፍሩ ግን ጠሞ በቀለ። ሴቶቹ መረዳዳታቸውን ቀስ በቀስ ቀጠሉ፤ ቢሆንም ከመነሣታቸው በፊት እኔን ሰረቅ አድርገው ማየታቸው እስከ ገና አልቀረም። እኔም እትዬን ለምኜ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ክር ማስገባትና ኮሌታ መስፋት ተማርኩ። የሰፋሁትን ሁለቴ አስፈቱኝ።

ጥር ላይ ለቤታቸው የሚቀርብ ሥራ አግኝተው ለቀቁ። የሥራ ልምድ ወረቀታቸውን ስተይብ፣ "ሌሎችን በማሠልጠንና በመርዳት የላቀ ችሎታ ያላቸው" የሚል መስመር ጨመርኩበት። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

"ይሄንን አውጪው፤ እዚያም ሥራ ያበዛብኛል" ብለው ሳቁ። ከነሐሴ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

መስመሩን አላወጣሁትም።