አባቴ ከኋላ የሚጀምሯቸው መጻሕፍት

ባለፈው ቅዳሜ ከአጋሮ ቡና አስጭኜ ስመለስ፣ ባለቤቴ ቁንዶ በርበሬ እንዳልረሳ ደጋግማ ደውላ ስለነበር መኪናዬን ዳር አስይዤ ጅማ ሄርማታ መርካቶ ገባሁ። ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ባለሱቆቻችን ወደ ጥንቱ ሙያቸው ተመልሰዋል፤ ወጣቱ ባለሱቅ ባንኮኒው ላይ ብቻዋን የቀረች የመጽሐፍ ቅጠል አነሳና ሾጠጥ አድርጎ ጠቅልሎ ቁንዶ በርበሬዬን ሞላልኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሽታው ሲያስነጥሰኝ ነው ጥቅሏን ልብ ብዬ ያየኋት። የአንድ ልብ ወለድ የመጨረሻ ገጽ ናት። ከጽሑፉ በላይ በቀረችው ባዶ ቦታ ላይ፣ በተንጋደደ የልጅ እጅ፣ በዐረብኛ ፊደል ቢስሚላህ ተጽፎባታል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ገና ሱሪዬ በገመድ በሚታሰርበት ዕድሜዬ።

እየሮጥኩ ተመለስኩና ሌሎቹ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። «የምን ሌሎች ጋሼ? ከቁራሌው ላይ በኪሎ የገዛሁት ነው። አንድ ካርቶን ሙሉ ነበር፣ ወላሂ ሳላስበው አለቀ። ቆንጆ ወረቀት ነበር፤ ስኳር አያፈስም» አለኝ። ወረቀት አድናቂ ደንበኛ ሳልመስለው አልቀረሁም። አመስግኜው ወጣሁ።

አባቴ እዚያው ሄርማታ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ስኳርና ጨው፣ ሻይ ቅጠልና ላምባ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ሱቋ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ላምባው ይቀበልዎታል፣ ቀጥሎ ኮረሪማው፣ ወደ ጓዳው ጠጋ ሲሉ ደግሞ እርጥበት የመታው አሮጌ ወረቀት ሽታ አለ፤ እኔ ለዚያ ለሦስተኛው ሽታ ነበር የምኖረው። በዚያ ዘመን ወደ ሌላ አገር የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ጓዙን ሲያቀልል አስቀድሞ የሚያሰናብተው መጽሐፉን ነው፤ አልጋና ቁምሳጥን ዘመድ ይወስዳል፣ መጽሐፍ ግን ለአባቴ በኪሎ ይሸጣል። አባቴ ከሚዛኑ ጎን ቆልለው ለስኳሩም ለሻይ ቅጠሉም ቅጠል በቅጠል እየገነጠሉ ይጠቀልሉበታል። መቼም ለስኳር መጠቅለያ የሚሆን ሌላ ነገር አልነበረም፤ ሰውም ቤቱ ደርሶ ስኳሩን ገልብጦ ወረቀቱን እሳት ማቀጣጠያ ያደርገው ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። አባቴ ቁርአን የቀሩ፣ የዐረብኛውን ፊደል እንደ ውሃ የሚጠጡ ሰው ነበሩ፤ አማርኛን ግን በጆሯቸው እንጂ በዓይናቸው አያውቁትም። ለእርሳቸው መጽሐፍ የሚባል ነገር የሚጀመረው ከቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ አንዱን ልብ ወለድ ከቁልሉ ላይ ያነሱና እኛ መጨረሻ ከምንለው በኩል ገልጠው፣ ለእርሳቸው የመጀመሪያ የሆነችውን ቅጠል በሥርዓት ይገነጥላሉ። በዚህ ምክንያት በእኛ ሱቅ ታሪክ ሁሉ መጀመሪያ የሚያጣው መጨረሻውን ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ መጥቼ የጨው ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ ከፊት ለፊት አነባለሁ፣ ደንበኞች ደግሞ ከኋላ ይበሉብኛል፤ መሐል መንገድ ላይ እንገናኛለን። አንዴ እንዲህ በሩጫ እያነበብኩ ለለቅሶ ቤት በስኳር ፋንታ ጨው መዝኜ ሰጥቼ፣ ያን ቀን የሄርማታ ሰው ሟቹን ያለቀሰው ከልቡ ይሁን ከሻዩ የተነሳ እስከ ዛሬ አልተለየም።

በረንዳችን ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው የሚውሉ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከወሎ መጥተው ጅማ የቀሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከክርና ከመርፌ አልፎ ማየት ስለማይችል ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ያዝዙኛል፣ እግራቸው ግን መርገጫውን አያቆምም። ታሪኩ ሲከርር መኪናቸው ይፈጥናል፣ ሲያዝን ይዘገያል፤ የስንቱ ሰው ሱሪ በዚያ ሰበብ ተጣሞ እንደተሰፋ አላህ ይወቀው። አንድ ቀን በታሪኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ወንዝ ወስዷት ገጾቹ ሳስተው ሲያዩ አንገታቸውን ወደ ሱቁ አስግገው፣ «አንተ ልጅ፣ ለመጣው ሁሉ ስኳር አልቋል በል! ልጅቱ ከወንዙ ሳትወጣ ወረቀቱ ሊያልቅብን ነው!» ብለው ጮኹ። ወረቀቱ ግን አለቀ። እኔም ከራሴ ፈጥሬ ልጅቱን ውሃ እንዲወስዳት ባደርግ መኪናቸውን ቀጥ አድርገው አቆሙና፣ «ይሄማ አይሆንም፤ አውጣት!» አሉኝ። አወጣኋት፣ ዳርኳትም። እስካሁን በልቤ የማውቃቸው ታሪኮች መጨረሻቸው የማን እንደሆነ፣ የደራሲው ይሁን የእኔና የጋሽ ታደሰ፣ መለየት አልችልም።

ጎድሎ የቀረ ታሪክ ሲያንገበግበኝ ነው ብልሃቱን ያገኘሁት። አባቴ የዐረብኛ ፊደል ያለበትን ወረቀት፣ የብስኩት ማሸጊያም ይሁን፣ መሬት ወድቆ ካዩት አንስተው ግንባራቸውን ያስነካሉ፣ እግር እንዳይረግጠውም ከጣሪያው ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል። የፈጣሪ ስም የተጻፈበት ፊደል ነውና አይቀደድም፣ አይጠቀለልበትም። እኔም ከመድረሳ የተማርኩትን ይዤ፣ የወደድኩትን መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ አናት ላይ፣ ማለትም አባቴ በሚከፍቱት በኩል፣ ቢስሚላህ ብዬ ጻፍኩበት። የመድረሳው ኡስታዛችን ቢያውቁ ጆሮዬ ላይ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። በነጋታው አባቴ መጽሐፉን ለአንዲት የሻይ ቅጠል ደንበኛ ሊገነጥሉ ገለጡት። ቀጥ አሉ። ሳሙት። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥተው ከጣሪያው ሥር አስቀመጡት፣ ለሴትዮዋም ከሌላ መጽሐፍ ገነጠሉላት።

እንዲህ እያልኩ መደርደሪያውን ሞላሁት። ሌሊት ወፍ እንጂ ሰው በማይደርስበት በዚያ ቦታ፣ ከተቀደሱት ወረቀቶች ጎን፣ የጉዞ ታሪክና የፍቅር ታሪክ፣ ጭራሽ አንድ የንብ እርባታ መጽሐፍም ሳይቀር ተከብረው ተቀመጡ። አባቴን ያታለልኩ መስሎኝ ልቤ አብጦ ነበር። አንድ ማታ ገበታ ላይ እያለን፣ እጃቸውን እየታጠቡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «የምትጽፋት ሚም ጅራቷ አጥራለች። አስተካክላት።» ሚም በቢስሚላህ ውስጥ ያለች የዐረብኛ ፊደል ናት። በማግስቱ እንደገና አንድ መጽሐፍ ላይ ጻፍኩ፣ ሚሟን አስረዝሜ፤ እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው ስመው ሰቀሉት።

ዛሬ ሳስበው፣ ከሰው ጋር የምግባባበት አንደበት፣ የማላውቀውን ሰው ችግር እንደ ራሴ የማይበት ዓይን፣ ያለኝ ጥቂት ትዕግሥት ሁሉ የመጣው ከዚያ የጨው ከረጢት ላይ ነው። ልጅ ሆኖ ያነበበ ሰው ብቻውን አይሆንም ብዬ አምናለሁ። በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ በየዓመቱ ተማሪዎቹ ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ፤ «አንብቡ ልጆቼ» እላለሁ፣ የአባቴንም ሱቅ እጠቅሳለሁ፣ መምህራኑም ያጨበጭባሉ።

አባቴ ሲሞቱና ሱቋ ስትዘጋ መጻሕፍቱ በካርቶን ታሽገው ወደ እኔ መጡ። መጀመሪያ ሳሎን ተቀመጡ፣ ከዚያ ኮሪደር፣ ከዚያ ደረጃ ሥር፤ ደጅ ደጁን ሲሉ ልብ አላልኩም። የቡና ነገር መቼም ሰው አያደርግም፤ ጠዋት ሊሙ፣ ከሰዓት አሰንዳቦ፣ ማታ ስልክ። ነገ እከፍተዋለሁ ስል ከረምኩ፣ መክረሙንም ረሳሁት።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ቁንዶ በርበሬዬን ይዤ ቤት የገባሁት እንደ ተቆጣ አንበሳ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ሳሎኑ መሐል ቆሜ፣ «የአባቴን መጻሕፍት ለቁራሌው የሸጠ ማነው?» ብዬ ጮህኩ። ስለ ሐላፊነት፣ ስለ ቅርስ፣ ስለ ዘመኑ ልጆችና ስለ ስልካቸው ያልተናገርኩት አልነበረም። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ። ልጄ ሐያት ግን ከሶፋው ተነስታ ቆመች።

«አባ፣ አንተ ራስህ ነህ እኮ ያወጣኸው» አለችኝ። «ቤቱ ለኢድ ቀለም ሲቀባ፣ ቁራሌው መጥቶ፣ ካርቶኑ እማን ከብዷት፣ አንተ ተሸክመህ በር ድረስ አደረስክለት። ስልክ እያወራህ ነበር።»

ሰውነቴ ቀድሞ አስታወሰ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ሰክቼ፣ ከአሰንዳቦ ስለ አንድ መኪና ቡና ከሚጨቃጨቀኝ ሰው ጋር እያወራሁ፣ ካርቶኑን በጉልበቴ እየገፋሁ አውጥቼዋለሁ። ከብዶኝ እንደነበርም ትዝ አለኝ። ውስጡ ምን እንዳለ አላየሁም፤ ቁራሌውን እንዲያውም ቶሎ በል ብዬዋለሁ። አባቴ በሽምግልና ጉልበታቸው በርጩማ ላይ እየወጡ ያኖሩትን እኔ ቁልቁል ሳላይ አወረድኩት። እንዲህ ያለ ሐፍረት በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ የቆምኩበት ወለል ቢከፈትልኝ በወደድኩ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ሐያት ቀደመችኝ። ልጄ ሽሙጥ አታውቅም፣ አባቷን ማሳፈርም አትወድም፤ እንደውም ጥፋቱን ወደ ራሷ ልትወስድልኝ ፈልጋ ነው።

«ይቅርታ አባ» አለች፣ «ላስቆምህ ይገባኝ ነበር። ግን የአንተ እንደሆኑ አላወቅኩም። መጽሐፍ ስታነብ አይቼህ አላውቅማ።»