በረኛው ዘመድ የለውም

ልጄ ለጉልበቴ የምትገዛልኝ ቅባት አለ። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ሽታው አፍንጫዬን ወግቶ ይገባና አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረችው በትንሿ ኮሌጃችን አውቶቡስ ውስጥ ይከተኛል። መስኮቱ በእስትንፋሳችን ጉም ለብሶ፣ እርጥብ ካልሲ ወንበር ላይ ተሰጥቶ፣ ወለሉ በብርቱካን ልጣጭ ተሞልቶ። ከሁለት ጃማይካዎች በስተቀር የኳስ ቡድናችን በሙሉ ሐበሻ ነበር። በረኛው እኔ ነኝ።

ጊዜው ከሱማሌው ጦርነት በኋላ ነው። እኔ ጦርነቱ ሳይነሳ በተማሪ ቪዛ መጥቼ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግን ዘመተ፤ ከዚያ ጦሩን ጥሎ በበረሃ ወደ ጅቡቲ ወጥቷል የሚል ወሬ ብቻ ደረሰኝ። ያቺን ወሬ ይዤ ቁጭ አልኩ። ፍራሽ ገዝቼ ከአልጋዬ ጎን አነጠፍኩለት፤ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ሎንድሪ እየወሰድኩ አጥብ ነበር። የሚስቅ ይሳቅ!

የዚያን ጊዜውን ሐበሻ ላንተ ማስረዳት ይቸግረኛል። ዛሬ የትም ብትዞር ያገር ሰው ነው፤ ያኔ ጥቂት ነበርን፣ ጥቂቶቹም አንተማመንም። እከሌ ጆሮ ጠቢ ነው ይባላል፤ ይህን ያለው ሰውዬም ራሱ በሌላ ቤት እንደዚያው ይባላል። እዚህ ያወራሃት ነገር አገር ቤት ያሉትን እናትህን ታሳስራለች ብለን እንፈራ ነበር። ስለዚህ የምንጠራራው በቅጽል ስም ነው፣ ማን በየት በኩል እንደመጣም አይጠየቅም። ጉዱ ግን ኮቻችን! ፈረንጅ አይደል፣ እንደ አገሩ ደንብ በአባታችን ስም ነው የሚጠራን። የደበቅነውን አባት ሜዳ ሙሉ ይጮህበታል።

በዚያ መኸር አንድ ረጅም፣ ከሲታ ተከላካይ አዲስ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ፕራክቲስ ላይ ኮቹ የአባቴን ስም ሲጠራ ኳሷን እግሩ ሥር ትቶ ዞረና ትክ ብሎ አየኝ። ስንጨርስ አጠገቤ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ፣ እንደ ዋዛ፣ ሰፈራችሁ የት ነበር አለኝ። ነገርኩት፤ አመለጠኝ። ቀጠለና፣ «እዚህ አገር ዘመድ አለህ?» አለ።

«ማንም የለኝም፤» አልኩት።

ዋሸሁ። የአባቴ እህት እዚያው ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ ነበረች፤ ስሟ በነዚህ ሰዎች አፍ እንዲገባ አልፈለግኩም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ሸተተኝ። መልበሻ ክፍል ስገባ ወሬ ይቆማል። ግራ ክንፍ የሚጫወተው ልጅ አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ ፍራሹን አየና የማን ነው አለኝ፤ የወንድሜ፣ ሲመጣ የሚተኛበት ስለው ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብቻዬን አይተዉኝም። ከልምምድ በኋላ አንዱ የግድ በአውቶቡስ እስከ ደጄ ይከተለኛል። እሱ የሚኖረው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው! ሌላው ደግሞ ለስንት ሰው የሚበቃ ምግብ ይዞ ይመጣና ምን ሰማህ፣ ማን ደወለልህ ይለኛል። መቼም ጅል አይደለሁም፣ በተራ እየጠበቁኝ ነው አልኩ። የምጠረጥረው ግን አንዱን ነው። ረጅሙ ተከላካይ ኳስ ሲያቀብለኝ እንኳ ፊቴን አያይም ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ አሌክሳንድሪያ ደረሰን። አክስቴን እንዳትመጪ ብያት ነበር፤ እሷ ደግሞ መቼ ሰው ሰምታ ታውቃለች። ኮቷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ ገና ኳስ ስይዝ «የወንድሜ ልጅ፣ ጎሽ!» እያለች ሜዳውን አደባለቀችው። ተከላካዩ ቀና ብሎ ሲያያት አየሁት። በእረፍት ሰዓት እኛ ብርቱካን ስንመጥ ተነስቶ ወደ እሷ ሄደ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ አወራት። አክስቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። በሁለተኛው አጋማሽ ጎሎቹ በየት በኩል እንደገቡብኝ ዛሬም አላውቅም። ሲያልቅ አክስቴ የለችም። ማልያውን ጨምድጄ ምን ብለህ አስፈራራሃት አልኩት፤ ሰላም ነው ያልኳት ብሎ እጄን ቀስ አድርጎ አላቀቀው። ስደውልላት ባሏ አንስቶ ተኝታለች አለኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። በቀዳዳዋ ሳይ ኮሪደሩን ቡድኑ ሞልቶታል፣ ጃማይካዎቹ ሳይቀሩ። አለቀልኝ አልኩ። ሰንሰለቱን ሳልፈታ በሩን ገርበብ አደረግኩት። ከፊት አክስቴ ነበረች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

መርዶ በማለዳ እንደሚመጣ፣ ያለ ዘመድ እንደማይነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሲዝኑን ሙሉ ግን ይህ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ተከላካዩና ወንድሜ በረሃውን ሊያቋርጡ አብረው ነበር የተነሱት። ውሃ አለቀባቸው። ወንድሜን የቀበረው በገዛ እጁ ነው። በየመንገዱ አሜሪካ በረኛ ወንድም አለኝ ይለው ነበር አሉ።

ሰው ሁሉ ካለቀሰ በኋላ ንዴቱ መጣብኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅክ አብረኸኝ ትጫወታለህ አልኩት።

«ዘመድ የለኝም አልከኝ፤» አለ። «በማን በኩል እናርዳህ? ከሌላ ሰው አፍ ብቻህን እንዳትሰማ ነበር የምንጠብቅህ።»

አክስቴ እየደጋገመች ደረቷን ትመታለች፤ ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እየወጣ ነበር። ጠጋ አልኩና ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ «በመጨረሻ ውሃ ቀምሶ ነው የሞተው?» አልኩት።

ዓይኑን ከፊቴ ወደ ወለሉ መለሰ።

«ቀምሶ ነው፤» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ከሰውዬው ጋር ስንት ዓመት ጓደኛ ሆነን ኖርን፤ ልጆቼን ክርስትና አንስቷል። ውሃውን ከየት እንዳገኘው ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።